ከሳር ክዳን እስከ ቆርቆሮ፦ የአዲስ አበባ ጣሪያና የቃሊቲ ጎርፍ

ነሐሴ ላይ በአዲስ አበባ ደቡብ፣ ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ሰው ዶፉ ሲጀምር ወሬውን ያቋርጣል። ቆርቆሮው ሲንጫጫ አጠገብ ያለ ሰው እንኳ ካልጮኹ አይሰማም። ያ ሁሉ ውሃ ጣሪያው ላይ አይቆይም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነውና፣ 5,000 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 200 ሺህ ሊትር ውሃ በአሸንዳ ወርዶ ቱቦ ይገባል ማለት ነው። ከአንድ መጋዘን ብቻ!

አዲስ አበባ ግን ከቆርቆሮ ጋር አልተወለደችም። በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ድንኳንና ሳር ክዳን ነበረች። ሳሩ ጥሩ ነበር፤ ቀን ያቀዘቅዛል፣ ሌሊት ያሞቃል። ጠላቱ እሳት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የምኒልክ ግቢ ራሱ የቃጠሎ ሰለባ ሆኗል።

ቆርቆሮ መጀመሪያ በከብት ጀርባ፣ ኋላም በባቡር መጣ። ሐዲዱ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት አቃቂን አልፏልና፣ የከተማዋን መልክ የለወጠው ጭነት በዚሁ በደቡቡ በር ነው የገባው። አይቃጠልም፣ በየጊዜው አይታደስም፣ በዚያ ላይ ያስከብራል፤ የቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው በሰፈሩ ስም ነበረው። ከጊዜ በኋላ ቆርቆሮው እዚያው አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ይመረት ጀመር። ማንም ሊፈርድበት አይችልም፤ ድሃ ቤቱን ከእሳትና ከፍሳሽ ያዳነበት ዕቃ ነው።

ከሳር ክዳን ይልቅ ዛሬ «አረንጓዴ ጣሪያ» ለሚባለው፣ በተክል ለተሸፈነው ጣሪያ የሚቀርበው የትግራይ ባህላዊ ቤት፣ ሕድሞ፣ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ይቆማል፤ በላዩ ግንድ ይጋደማል፤ ከዚያ ጭራሮና ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፋል፤ በመጨረሻ አፈር ይደለደልና ይጠቀጠቃል። ክረምት ላይ ሳር ይበቅልበታል። አፈሩ ዝናቡን ጠጥቶ የተረፈውን ቀስ አድርጎ ይለቃል፣ የፀሐዩን ሙቀትም ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ዕዳው ክብደቱ ነው፤ ግድግዳው የወፈረው ለጌጥ አይደለም። ተከታታይ ጥገናም ይፈልጋል።

ጀርመኖች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምረው ያስፋፉት የአረንጓዴ ጣሪያ ዘዴ በሐሳቡ ከዚህ አይርቅም። ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ፣ ሥር የሚከላከል ሽፋን፣ የውሃ ማስተላለፊያ፣ ቀላል አፈር፣ ድርቅ የሚችል ተክል በየተራ ይደረደራሉ። የካናዳዋ ቶሮንቶ በዚያው አቆጣጠር በ2009 ትልልቅ አዳዲስ ሕንፃዎች የጣሪያቸውን ከፊል በተክል እንዲሸፍኑ ደንብ አውጥታ አስገድዳለች።

ለቃሊቲ ነገሩ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። ከተማዋ ከእንጦጦ ወደ ደቡብ ታዘቀዝቃለች፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች በዚህ አካባቢ አልፈው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው፣ ከአገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ያለበት ይህ ግድብ ደለልና ቆሻሻ ሲያንገላታው ኖሯል። ላይኛው ከተማ ከጣሪያው የሚያፈሰውን የሚቀበለው ታችኛው ነው። ሜዳው ሳርና እርሻ ሳለ ምድሩ ራሱ ብዙውን ይጠጣው ነበር፤ አሁን አስፋልት፣ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ነው።

እርግጥ ያለውን መጋዘን ሁሉ አፈር ጫኑበት ማለት ሰው መግደል ነው። 10 ሳንቲ ሜትር አፈር ውሃ ሲጠጣ በካሬ ሜትር ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ለስስ ቆርቆሮ የተሠራ የብረት ማዕቀፍ ይህን አይሸከምም። የከተማዋ ኮንዶሚኒየሞችም ብዙዎቹ ከላይ የለበሱት ያንኑ ቆርቆሮ ነው። ዕድሉ ያለው ገና በሚሠሩት ሕንፃዎች ነው። አቃቂ ቃሊቲ ላይ ፋብሪካ ወይም ቢሮ የሚያስገነባ ሰው ሶሌታው (የኮንክሪት ጣሪያው) ከመሞላቱ በፊት መሐንዲሱን «እርጥብ አፈር ይሸከማል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ስሌቱ በዚያ ሰዓት ወረቀት ላይ ያልቃል፣ ኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስ ይጠይቃል።