የሸማኔው ጉድጓድ የእኛም ነው

ከእንጦጦ ግርጌ ሽሮ ሜዳ ላይ ሸማ የሚሸምኑልን በብዛት ከጋሞ የመጡ ወንድሞች ናቸው። ወደ ኋላ ብንሄድ ግን የራሳችንንም ሰዎች እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የጎንደር ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ርስት የተከለከለ ሕዝብ በምን ይደር? በንግድና በሽመና አደረ። በአንኮበር በኩል አርጎባዎችም ድር ይዘረጉ ነበር። ነገሥታቱን ያለበሰ እጅ «ሸማኔ» እየተባለ መሰደቡ ይገርመናል!

ዛሬ የድሮውን ኩታ መልሶ ለመሥራት ለሚነሳ፣ ድሩ ከፋብሪካ ክር ይገኛል። የሚቸግረው በእንዝርት የተፈተለው ማግ ነው። ጥለቱንም ሸማኔው ክር እየቆጠረ በእጁ ያስገባዋል፤ የታተመ ጨርቅ ግን ገልብጠው ሲያዩት ጀርባው ይደበዝዛል። ፈትል የምታውቅ አያት ያላችሁ፣ እንዝርቷን ይዛ ታሳያችሁ፤ በስልካችሁም ቅረጿት።