በደላንታ ያለፉ ሁለት ሕፃናት

ከወገል ጤና ተነሥቶ እስከ ደላንታ ደጋ ደቡባዊ ጠርዝ የተጓዘ ሰው፣ ከፊቱ የበሽሎን ጥልቅ ሸለቆ፣ ከሸለቆውም ማዶ የመቅደላን አምባ ያገኛል። ይህ ደጋ በታሪካችን ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጐተቱ፣ መንገድ እያስጠረጉ ወደ መቅደላ ያለፉበት በመሆኑ ነው። መንገዱ ግን የመግቢያ ብቻ አልነበረም፤ መውጫም ነበር። በዚሁ መውጫ በ1860 ዓ.ም. ሁለት ሕፃናት አልፈዋል። አንደኛው ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት የቀሩት ልዑል፣ ሁለተኛው ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው የጐንደር ልጅ ነበር። ሁለቱም ትምህርታቸውን በባዕድ አገር ተማሩ፤ ወደ አገሩ በሕይወት የተመለሰው ግን አንዱ ብቻ ነው። ልጅን ወደ ውጭ አገር ልኮ ማስተማር ምን ማለት እንደሆነ ለመመርመር ከእነዚህ ሁለት ሕይወቶች የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

እንደሚታወቀው ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በእሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ተሸነፈ። ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች አምባውን ሲይዙ ንጉሠ ነገሥቱ እጅ ከመስጠት ይልቅ ራሳቸውን ሠዉ። ከዚያም በጄኔራል ናፒየር የሚመራው ጦር አምባውን ዘርፎና አቃጥሎ በሽሎን በመሻገር ወደ ደላንታ ወጣ። በ15 ዝሆኖችና 200 ገደማ በሚሆኑ በቅሎዎች የተጫነው የመቅደላ ቅርስ፣ የብራና መጽሐፉም የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳቱም፣ ሚያዝያ 13 እና 14 ቀን በደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። ሕፃናቱ ለሐራጅ አልቀረቡም፤ ነገር ግን ከዚሁ ጓዝ ጋር አብረው ወጡ። ሚያዝያ 16 ቀን የልዑሉ የልደት ቀን ነበረና ሰባት ዓመት የሞላው በዚሁ የመልስ ጉዞ ላይ ሳለ ነው።

ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ጋር ነበር የተጓዘው። አባቱ ልጃቸው በእንግሊዞች ዘንድ እንዲማር ይሹ ነበር የሚል ቃል በጊዜው ሰዎች ተመዝግቧል። ይህ እውነት ቢሆን እንኳ አንድ አባት የሚመኘው ትምህርትና በጦርነት ማግስት የሚፈጸም ወሰዳ አንድ አይደሉም። እቴጌይቱ በመንገድ ታመው ግንቦት 8 ቀን በትግራይ፣ በጨለቆት አቅራቢያ ዐረፉ። ልጁም ባሻ ፈለቀ እየተባለ ይጠራ ለነበረው አማርኛ ተናጋሪ መኰንን ለካፒቴን ስፒዲ ተሰጥቶ በዙላ ወደብ በኩል ባሕር ተሻገረ።

በእንግሊዝ አገር ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት ባለው ቤተ መንግሥታቸው ተቀብለው አዩት፤ ወደዱትም። የታወቀችው ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንም ፎቶግራፍ አነሣችው። በዚያ ፎቶግራፍ የሚታየው የሕፃን ፊት እስከ ዛሬ ተመልካቹን ያሳዝናል። ከስፒዲ ጋር ወደ ሕንድም ሄዶ ነበር። ኋላ ግን መንግሥት ልጁ ሥርዓት ያለው ትምህርት ያስፈልገዋል ብሎ ከስፒዲ ለየው። በዚህ ጊዜ ዓለማየሁ ያጣው አሳዳጊውን ብቻ አልነበረም፤ በእናቱ ቋንቋ የሚያነጋግረውን ሰው ጭምር እንጂ። በቼልተናም፣ ቀጥሎም ከ1866 ዓ.ም. ጀምሮ ስመ ጥር በሆነው የራግቢ ትምህርት ቤት በርእሰ መምህሩ በጄክስ ብሌክ ቤተሰብ ውስጥ እየኖረ ተማረ። በጨዋታ ሜዳ ከጓደኞቹ አላነሰም፤ በትምህርቱ ግን አልገፋም። ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተላከ፤ እዚያም ደስታ አላገኘም። በመጨረሻ ወደ ሊድስ፣ ቀድሞ ወዳስተማሩት መምህር ቤት ሄዶ ሳለ በሳንባ ሕመም ተይዞ ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞተ። በንግሥቲቱ ፈቃድ በዊንዘር፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ።

ሁለተኛው ሕፃን ወርቅነህ እሸቴ ነው። በመቅደላው ሁከት ከወላጆቹ ተለይቶ የተገኘውን ይህን ልጅ ቻምበርሌን የተባለ መኰንን ወደ ሕንድ ወሰደው። አሳዳጊው ሲሞት ልጁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አደገ፤ ማርቲን የተባለ ሌላ መኰንን ወጪውን ስለ ቻለለት በሁለቱ ሰዎች ስም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። የትውልድ ስሙንም ቋንቋውንም አጣ። ይሁን እንጂ በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት በ1874 ዓ.ም. ተመርቆ ሐኪም ሆነ፤ በኤዲንበርግም ዕውቀቱን አሰፋ። የዐድዋ ድል ወሬ በደረሰው ጊዜ ልቡ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ከድሉ ሦስት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ሲገቡ ሐኪም ወርቅነህን ቤተሰቦቻቸው በገላቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው። የገዛ ስማቸውን ያገኙትና አማርኛን እንደ ገና የተማሩት ጐልማሳ ሆነው ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ለዚህ ጽሑፍ ዋነኛው ነገር ነው። በሕክምና አገልግለዋል፤ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይ ኃላፊነት መርተዋል፤ የጨርጨር ገዥ ሆነዋል፤ በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ተሹመው ፋሺስት ኢጣሊያን በተማሩት ቋንቋ ሞግተዋል። ልጆቻቸውን ዮሴፍንና ቢንያምንም ወደ እንግሊዝ አገር ልከው አስተምረዋል። ሁለቱ ወጣቶች ግን በወረራው ጊዜ በውጭ መቅረት ሲችሉ ተመልሰው ከአርበኞች ጋር ተሰለፉ፤ በ1929 ዓ.ም.ም በፋሺስቶች እጅ ተገደሉ። በልጅነቱ መመለሻ የተነፈገው ሰው፣ መመለስን ለልጆቹ ከሕይወት አስበልጦ አስተምሯል ማለት ነው።

እንግዲህ የሁለቱን ዕድል የለየው የትምህርት ቤቱ ታላቅነት አይደለም። ራግቢ ከሕንዱ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ይልቅ የከበረ ነበር። ልዩነቱ አንዱ የመመለሻ መንገድ ማግኘቱ፣ ሌላው ማጣቱ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካን ፊልድ ሰርቪስን የመሰሉ ድርጅቶች የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ልውውጥ ሲያቋቁሙ፣ ከአገራችንም ወጣቶች በዚሁ መንገድ ተጉዘው ከባዕድ ቤተሰብ ጋር አንድ የትምህርት ዘመን አሳልፈዋል። የዚህ ልማድ ጥበቡ በአጭርነቱ ላይ ነው። ተማሪው በወላጆቹ ፈቃድ ይሄዳል፤ እናቱ የሚመለስበትን ወር ታውቃለች፤ እንግዳ ተቀባዩ ቤተሰብም ልጁ በአደራ የተሰጠው እንጂ የግሉ እንዳልሆነ ያውቃል። ለዓለማየሁ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱም አልተደረገለትም። የንግሥቲቱ ፍቅር እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አደራ መመለሻ ከሌለው፣ ስሙ ምንም ያህል ቢያምር፣ ምርኮ ነው።

ነገሩ ዛሬም አልተዘጋም። በ1999 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የልዑሉ ዐፅም እንዲመለስ ለእንግሊዝ ንግሥት ጠይቀዋል። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በዚያው ያረፉትን የሌሎችን ዐፅም ሳያውኩ የልዑሉን ማውጣት አይቻልም በማለት ጥያቄውን አልተቀበለም። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን ከልዑሉ ራስ ተቈርጣ የቆየች አንዲት ዘለላ ጠጕር በለንደን ለኢትዮጵያውያን ተሰጥታለች። ከሰባት ዓመት ሕፃን ወሰዳ በኋላ የተመለሰችው ይህች ብቻ ናት።

ዛሬም የወገል ጤና ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው በዚያው ደጋ ይመላለሳሉ። ከእነርሱም መካከል ነገ ባሕር ተሻግሮ የሚማር ይኖራል። ይሂድ፤ ይማርም። የሚልኩት ግን ከመሄጃው አስቀድመው የመመለሻውን መንገድ ያዘጋጁለት፤ ደላንታ ያለ መመለሻ የወጣን ልጅ አንድ ጊዜ ሸኝታለችና።