ፊርማና ዕጣ፦ ሐኪም ወደ ወልድያ የሚሄድበት መንገድ

«የፊርማ ገንዘብ» የሚለው ቃል በኢትዮጵያ በይበልጥ የሚታወቀው በእግር ኳስ ነው። የወልድያ ክለብ በፕሪሚየር ሊጉ በተወዳደረባቸው፣ አዲሱ ስታዲየምም በተመረቀባቸው በ2009 ዓ.ም. አካባቢ፣ አንድ ተጫዋች ለመፈረም ስንት ተቀበለ ብሎ መጠየቅ እንግዳ ነገር አልነበረም። በዚያው ከተማ ሆስፒታል ስለሚመደብ ሐኪም ግን እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። ሐኪሙ ለብዙ ዘመን የመጣው በፊርማ ሳይሆን በዕጣ ነበርና።

ችግሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የታሰበው ሐኪምን በገንዘብ ወደ ገጠር መሳብ ሳይሆን፣ ለገጠር የሚሆን ባለሙያ ማፍራት ነበር። የጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒተሪያን በአንድነት ሠልጥነው ወደ ጤና ጣቢያ ወጡ። ከተሞከሩት ዘዴዎች ሁሉ ይህ የተሻለው ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2009 የጤና መኮንኖችን ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን ሲጀመር የተደገመውም ይኸው ሐሳብ ነው።

ለሐኪሙ የተመረጠው መንገድ ግን ሌላ ነበር። ተመራቂው በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዕጣ ያወጣ ነበር፤ ክልል ይደርሰው ነበር፤ ክልሉም ወደ ሆስፒታል ይመድበው ነበር። የግዴታ አገልግሎቱን እስኪፈጽም የትምህርት ማስረጃው ይያዝ ነበር፤ ሲፈጽም መልቀቂያውን ይቀበል ነበር። ልብ ላለው ይህ የፊርማ ገንዘብ ተገላቢጦሽ ነበር። በሌላው ዓለም ቀጣሪ ሠራተኛው ሲመጣ ይከፍላል፤ እዚህ ግን ሐኪሙ ዋጋውን የሚያገኘው ሲሄድ ነበር። ስለዚህም ቀን ይቆጥር ነበር። በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ከ1987 እስከ 2006 በነበሩት ዓመታት 73.2 በመቶ የሚሆኑት ሐኪሞች የመንግሥትን አገልግሎት መልቀቃቸውን አመልክቷል።

ታዲያ ገንዘቡ ቀድሞ ቢሰጥስ? እ.ኤ.አ. በ2010 የቀረበ ሌላ ጥናት ለኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና ነርሶች የተለያዩ የሥራ አማራጮችን አቅርቦ ነበር። ከአዲስ አበባ ውጭ ለመሥራት የሚፈቅዱት ሐኪሞች 7 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ደመወዝ እጥፍ ቢሆን ከ50 በመቶ በላይ እንደሚደርሱ ተገመተ። ጥሩ መኖሪያ ቤት ብቻ ቢሰጥ ደግሞ ወደ 27 በመቶ ከፍ ይላሉ፤ ይህም ደመወዝን በ46 በመቶ ከመጨመር ጋር ይስተካከላል። የነርሶቹ መልስ ይበልጥ ያሳስባል። ከደመወዝ ውጭ አብልጠው የፈለጉት የመሣሪያና የመድኃኒት መሟላትን ነው፤ ዋጋውም ከ57 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ጋር ተመጣጠነ።

በመርሳ የምትሠራ ነርስ ይህን መልስ ለመረዳት ጥናት አያስፈልጋትም። ምጥ የጠናባትን የሀብሩ እናት ተቀብላ፣ የምትሠራበት መድኃኒት ከሌላት፣ ሲቀጠር የተሰጣት ገንዘብ በዚያች ሌሊት ምን ያደርግላታል? ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ በነበረች ጊዜ የሆስፒታሏ መሣሪያና መድኃኒት ተዘርፏል፣ ወድሟልም። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ቀዶ ሐኪም ከፊርማ ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቀው የማደንዘዣ መሣሪያውን ነው።

የሕክምና ትምህርት ቤቶች ከተስፋፉ ወዲህ ሥራ ፈላጊ ሐኪም ታይቷል፤ አምጥቶ የመመደቡ ጭንቀት ቀለለ፣ የማቆየቱ ግን አልቀለለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ ካነሷቸው ጥያቄዎች መካከል ደመወዝ፣ የተረኝነት ክፍያና የመኖሪያ ቤት ይገኙበታል።