የለንደን ጭስ ማውጫ ጠራጊ ሕፃናት

እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ድረስ አብዛኛው የእንግሊዝ ተራ ሰው ቤት ጭስ ማውጫ አልነበረውም። እሳቱ ከአዳራሹ መሐል መሬት ላይ ይነድዳል፤ ጭሱም እንደ ኢትዮጵያ የሣር ክዳን ጎጆ በጣሪያው በኩል እየሾለከ ይወጣል። በግድግዳ ውስጥ የተገነባ ጭስ ማውጫ ከ12ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በመሳፍንቱ ምሽጎች ይታይ የነበረ ቢሆንም ወደ ገበሬውና ወደ ነጋዴው ቤት የወረደው ዘግይቶ ነው። ዊልያም ሃሪሰን የተባለ ቄስ በ1577 ስለ እንግሊዝ ባሳተመው ጽሑፍ፣ የመንደሩ ሽማግሌዎች በዕድሜያቸው ካዩዋቸው ታላላቅ ለውጦች አንዱ የጭስ ማውጫ መብዛት እንደሆነ መናገራቸውን መዝግቧል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለውጡን ያፋጠነው የማገዶ እጥረት ነበር። በለንደን ዙሪያ እንጨት እየተወደደ ሲሄድ ከኒውካስል በመርከብ የሚመጣ የድንጋይ ከሰል ተተካ። የድንጋይ ከሰል ጭስ ግን ከእንጨት ጭስ ይልቅ ለዓይንም ለጉሮሮም የከፋ ስለሆነ ቤት ውስጥ ተለቅቆ የሚቻል አልነበረም። ትንሽ ምድጃና ጠባብ መውጫ ይፈልጋል፤ መውጫው ሲጠብብ ጭሱ ሳይቀዘቅዝ ወደ ላይ ይሳባልና። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጭሱ ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ያልተቃጠለው ካርቦንና ሬንጅ መሰሉ ዝቃጭ ጡቡ ላይ ይጣበቃል። ይህ ጥቀርሻ ራሱ ማገዶ ነው። ሳይጠረግ ከከረመ አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትበቃዋለች፤ ጭስ ማውጫው ከውስጥ እየጮኸ ይነድዳል፣ ሙቀቱ ግንቡን ይሰነጥቀዋል፣ በስንጥቁም በኩል እሳቱ የወለሉንና የጣሪያውን እንጨት ያገኛል።

መስከረም 2 ቀን 1666 ፑዲንግ ሌን በሚባለው መንገድ ከሚገኘው ከቶማስ ፋሪነር ዳቦ ቤት የተነሣው እሳት ለአራት ቀን ያህል ነድዶ 13,200 ቤቶችንና 87 የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትን አወደመ። በ1667 የወጣው የመልሶ ግንባታ ሕግ አዲሶቹ ቤቶች በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠሩ አዘዘ። ከተማዋ ከእሳት የምትጠበቅበት ትክክለኛ ሕግ ነበር። ይሁን እንጂ ባለ ብዙ ፎቅ፣ ጎን ለጎን የተጣበቁና በየክፍሉ ምድጃ ያለባቸው የጡብ ቤቶች ሲበዙ የጭስ መንገዱ በግድግዳው ውስጥ መጠማዘዝ ግድ ሆነበት፤ አንዱ ከሌላው ጋር ይገናኛል፣ ወደ ጎን ይታጠፋል፣ እንደገና ይቀናል። የተለመደው ስፋት 36 በ23 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በአራቱም ጎን ከአንድ ስንዝር የማይበልጥም ነበር። በዚያ ውስጥ ሊያልፍ የሚችለው ልጅ ብቻ ነው።

ጠራጊዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ወላጅ አልባ ወይም ከድሃ ቤት የተወሰዱ ልጆች ነበሩ። አጥቢያው በሙያ ለማጅነት ስም ለጠራጊ ጌታ ያስረክባቸዋል፤ አንዳንዱንም ወላጁ ራሱ በጥቂት ገንዘብ ይሰጠዋል። አራትና አምስት ዓመት ሲሆናቸው የሚጀምሩ ነበሩ። ልጁ ፊቱን በቆብ ሸፍኖ፣ መጥረጊያውን በአንድ እጁ ከራሱ በላይ ይዞ፣ በጉልበቱ፣ በክርኑና በጀርባው ግድግዳውን እየገፋ ይወጣል፤ የጠረገው ጥቀርሻ በራሱ ላይ ይዘንባል። በጣም በጠበበው ውስጥ ልብሱን አውልቆ ራቁቱን ይገባል። ጉልበቱ ወደ አገጩ ከታጠፈ ግን ተቀርቅሮ ይቀራል፤ ጥቀርሻው ከተናደበት ደግሞ ይታፈናል። እንዲህ ሲሆን ግድግዳውን ሰብሮ ከማውጣት ሌላ መላ አልነበረም። ከጌቶቹ አንዱ በ1863 ለመንግሥት መርማሪዎች እንደመሰከረው፣ የልጆቹ ቆዳ እንዲጠነክር ክርናቸውና ጉልበታቸው በሚነድ እሳት አጠገብ በጨው ውኃ ይታሻል፤ ቁስሉ እስኪጠና ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ማታ የሚተኙት ቀን በሰበሰቡት የጥቀርሻ ጆንያ ላይ ነው። ጥቀርሻውም አይጣልም፤ ጌታው ለገበሬዎች በማዳበሪያነት ይሸጠዋል።

በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የሚሠራው ቀዶ ጠጋኝ ፐርሲቫል ፖት በ1775 በወንድ ጠራጊዎች የብልት ፍሬ ከረጢት ላይ የሚወጣው ካንሰር ከጥቀርሻ የሚመጣ መሆኑን ጻፈ። አንድ ካንሰር ከአንድ ሥራ ጋር በግልጽ ሲያያዝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ሕመሙ የሚታየው ልጁ ካደገ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ሥራውን ከተወ ከዓመታት በኋላ ነው፤ ስለዚህ ጌታውን የሚጠይቅ አልነበረም።

ፓርላማው በ1788 ያወጣው የመጀመሪያው ሕግ የለማጁን ዕድሜ ከስምንት ዓመት ጀመረ፤ አንድ ጌታ ከስድስት ልጅ በላይ እንዳይዝና ልጆቹ በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲታጠቡም አዘዘ። በረቂቁ ውስጥ የነበረውን ዋናውን አንቀጽ ግን፣ ማለትም ጠራጊዎች ፈቃድ እንዲያወጡ የሚለውን፣ የሎርዶች ምክር ቤት ሰረዘው። ያለ ፈቃድ ቁጥጥር የለም። ሕጉም ወረቀት ላይ ቀረ።

የልጆቹን ሥራ የሚተካ መሣሪያ አልጠፋም። ጆርጅ ስማርት በ1803 በሚገጣጠሙ ክፍት ዘንጎች ጫፍ ላይ የተሰካ፣ በገመድ የሚጠብቅ መጥረጊያ ሠራ። የብሪስቶሉ ጆሴፍ ግላስ በ1828 በሸምበቆ ዘንግ አሻሻለው፤ ዛሬ ጠራጊዎች የሚጠቀሙበትም ከዚሁ የወረደ ነው። በስኮትላንድ ደግሞ ከጣሪያ ላይ የብረት ኳስና መጥረጊያ በገመድ እየወረደ ይጠረግ ነበር። ታዲያ እንግሊዝ ለምን ዘገየች? የቤት እመቤቶች መሣሪያው ምንጣፍ ያቆሽሻል ብለው ፈሩ፤ መኳንንቱም የተጠማዘዘውን ጭስ ማውጫቸውን አፍርሶ ማሠራት ከልጅ ጉልበት ይልቅ ይወደድባቸው ነበር። ሕጉን በጣሱ ጌቶች ላይ የሚቀርበውን ክስ የሚሰሙት ዳኞች ራሳቸው እንዲህ ባሉ ቤቶች ይኖሩ እንደነበርም መዘንጋት አይገባም። በ1819 የቀረበው ረቂቅ በሎርዶች ምክር ቤት ወደቀ። የ1834ቱ ሕግ ዕድሜውን አሳደገ፤ የ1840ው ከ21 ዓመት በታች ያለ ሰው ጭስ ማውጫ ውስጥ እንዳይገባ ከለከለ፤ በ1864 የልጆቹ ተሟጋች የነበረው ሎርድ ሻፍትስበሪ ቅጣቱን አጠበቀው። ልጆቹ ግን መውጣታቸውን አላቆሙም።

በየካቲት 1875 ጆርጅ ብሩስተር የሚባል ልጅ ካምብሪጅ አጠገብ በሚገኘው የፉልቦርን ሆስፒታል ጭስ ማውጫ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ግንቡ ፈርሶ ቢወጣም ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ጌታው በሰው መግደል ተከስሶ የስድስት ወር እስራት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ተፈረደበት። ሻፍትስበሪ በዚህ ሞት ምክንያት ባቀረበው የዚያው ዓመት ሕግ እያንዳንዱ ጠራጊ በየዓመቱ ከፖሊስ ፈቃድ እንዲያወጣ ተደነገገ፤ ሕጉን የማስከበሩ ኃላፊነትም ለፖሊስ ተሰጠ። ከ87 ዓመት በፊት የተሰረዘው አንቀጽ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የልጆቹ ሥራ በእርግጥ ቆመ።

ሙያው ራሱ የተዳከመው በሌላ ምክንያት ነው። በታኅሣሥ 1952 ለንደንን ለአምስት ቀን የሸፈነው ጭስ አዘል ጉም በመጀመሪያው ግምት ብቻ 4,000 ያህል ሰው ገደለ፤ የ1956ቱ የንጹሕ አየር ሕግም የድንጋይ ከሰል ምድጃን ከከተማ እየገፋ አስወጣው። ያም ሆኖ ጭስ ማውጫው አልጠፋም። የብሪታንያ የእሳት አደጋ ተቋማት ዛሬ እንጨት የሚነድድበትን በዓመት እስከ አራት ጊዜ፣ ተራ የድንጋይ ከሰል የሚነድድበትን ሁለት ጊዜ፣ የጋዙን ደግሞ አንድ ጊዜ ማስጠረግ እንደሚገባ ይመክራሉ። ምክንያቱ እሳት ብቻ አይደለም፤ በጥቀርሻ ወይም በወፍ ጎጆ የተደፈነ መውጫ ሽታም ቀለምም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። በጀርመን የየወረዳው ተሿሚ ጠራጊ ምድጃዎችን በሕግ ሥልጣን ይመረምራል። በብሪታንያ ግን የጠራጊዎቹ ሕጎች በ1938 ተሽረዋል፤ ዛሬ ማንም ሰው ያለ ፈቃድ ጭስ ማውጫ ጠራጊ ነኝ ብሎ መሥራት ይችላል።