ስም ያለው ሟች፦ የጃፓን የደም ፊልሞች ከጎንደር ግድግዳ ሲታዩ

የፊልም ምሁሯ ሊንዳ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመችው ታዋቂ ጥናት አስፈሪ ፊልምን ከወሲብ ፊልምና ከአስለቃሽ ድራማ ጋር በአንድ ምድብ አስቀምጣለች። ሦስቱም የተመልካቹን ሰውነት ይይዛሉ፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ሲንቀጠቀጥ የሚያየውም ሳይወድ ይንቀጠቀጣል ትላለች። የጃፓንን የጭካኔ ፊልሞች ንግድ በተመለከተ የፊልም ምሁሯ ቺ-ዩን ሺን የጻፈችው ይበቃል፦ «ኤዥያ ኤክስትሪም» የሚለው መለያ የእንግሊዙ ታርታን ኩባንያ የገበያ ፈጠራ ነበር።

ሙግቱ ከዊሊያምስ ጋር ነው። ሰውነቱን ስታይ የሟቹን ስም አላየችም።

ኪንጂ ፉካሳኩ በ2000 በሠራው «ባትል ሮያል» ውስጥ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ደሴት ላይ ተጥለው አንድ እስኪቀር እንዲገዳደሉ ይገደዳሉ። ተማሪ በወደቀ ቁጥር ስሙና የክፍል ቁጥሩ፣ የቀሩትም ብዛት በስክሪኑ ላይ ይጻፋል። ተመልካቹ ከቁስሉ ዓይኑን ሳይነቅል ስም ያነባል። ፉካሳኩ በ1945፣ ገና በ15 ዓመቱ፣ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር በጦር መሣሪያ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ የመድፍ ጥይት ሲወርድባቸው የተረፉት የጓደኞቻቸውን ሬሳ እንዲያነሱ ተደረገ። ይህን ራሱ ተናግሮታል። እንግዲህ የስሞቹን ጽሑፍ እንደ ጌጥ መቁጠር ማን ይችላል?

ወደ ጎንደር ለሚገባ ሰው ቁስልን ከስም ጋር ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 ድርቡሾች ከተማዋን ሲያቃጥሉ የተረፈው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው በሥዕል የተሸፈነ ነው። በጎንደር አሣሣል ቅዱሱ በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ገራፊው ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። አጠገባቸው ያለው የግዕዝ ጽሑፍ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደደረሰባቸው ይናገራል። ቅዱስ መርቆሬዎስ በጦር የሚወጋው ከሃዲ ንጉሥ እንኳ ስም አለው፤ ዑልያኖስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው፣ ክርስቶስን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚያሳየው ኵርዓተ ርእሱ ደግሞ የጎንደር ነገሥታት ወደ ጦርነት ይዘውት የሚወጡት ሥዕል ነበር። የሕማም ሥዕል የሚያስከትለው መንቀጥቀጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማን ይዞት ይዘምት ነበር?

ፉካሳኩ ከጎንደር ተማረ የሚል የለም፤ ንጽጽሩም በልኩ መያዝ አለበት። ሆኖም ጸሎትና መዝናኛ አይነጻጸሩም የሚለው ተቃውሞ የቦታ ልዩነትን ብቻ ይነግረናል፤ ዓይን ቁስሉን አይቶ ስሙን ማንበቡ በሁለቱም ዘንድ አለ። ታካሺ ሚኬ በ2001 የሠራው «ኢቺ ዘ ኪለር» በቶሮንቶ ፌስቲቫል ሲታይ ለተመልካች የማስመለሻ ከረጢት መታደሉም ለሰውነት መንቀጥቀጥ ማስረጃ ሆኖ ይጠቀሳል። ከረጢቱ የአስተዋዋቂ ብልሃት ነው፤ ስለ ተመልካቹ ማስረጃ አይሆንም።

በአማርኛ ስለ ፊልም የሚጽፉ ምሁራን ዊሊያምስን ከመጥቀሳቸው በፊት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተው ከሥዕሎቹ አጠገብ ያሉትን ጽሑፎች ያንብቡ።