ከሕንጻው በፊት የሚመለሰው፦ ዩኒቨርሲቲዎች ከጥፋት ስለሚያገግሙበት መንገድ

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ በቦንጋ ከቀረበ ገለጻ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



አንድ ዩኒቨርሲቲ ድንገተኛ ጥፋት ሲደርስበት ምን ያደርጋል? ከዚያስ እንዴት ያገግማል? ብዙ ጊዜ መልሱን በሕንጻ እንለካለን፤ ጣሪያው ተጠገነ፣ መብራቱ መጣ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ተከፈተ እንላለን። ታሪክ የሚያሳየን ግን ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚያገግመው ሰዎቹና ሰነዶቹ ከጥፋቱ በተረፉለት መጠን ነው።

በዓለም ላይ በስፋት ከተጠኑት አጋጣሚዎች አንዱ የኒው ኦርሊንስ ነው። ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ያችን የአሜሪካ ከተማ መታ፤ የጎርፍ መከላከያዎቿ ተደርምሰው አብዛኛው ክፍሏ በውኃ ተዋጠ። የቱሌን ዩኒቨርሲቲ የዓመቱን የመጀመሪያ መንፈቅ ሙሉ በሙሉ ዘጋ። ተማሪዎቹን ግን በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በእንግድነት ተቀብለው አስተማሯቸው፤ የሕክምና ትምህርት ቤቱም ወደ ሂውስተን ተዛውሮ ሥራውን ቀጠለ። በጥር 1998 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት አብዛኞቹ ተማሪዎች ተመለሱ። ዲላርድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ግቢው ስላልተጠገነ በሆቴል ውስጥ አስተማረ። ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልሆነም፤ ቱሌን በርካታ የምሕንድስና ክፍሎችን ዘግቷል፤ ብዙ ሠራተኞችንም አሰናብቷል።

እኛ እንዲህ ያለውን አውሎ ነፋስ አናውቀውም፤ ጥፋትን ግን እናውቀዋለን። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስት ኢጣሊያ የተማሩ ወጣቶችን እየለየ ፈጀ። አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነጻ ብትወጣም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ ያኔም በአብዛኛው በውጭ አገር መምህራን ነበር። የፈረሰ ግድግዳ በአንድ በጋ ይነሣል፤ የተገደለን ምሁር ለመተካት ግን አሥር ዓመትም አልበቃ።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር በዩኒቨርሲቲው ግቢ የፈረሰ ግድግዳ አልነበረም። ነገር ግን ከዩኒቨርሲቲና ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ፤ መደበኛው የዩኒቨርሲቲ ትምህርትም ቆመ። ከዘመቻው የተመለሱትን ብዙም ሳይቆይ ቀይ ሽብር ጠበቃቸው። ግቢው ቆመ፤ ትውልዱ ጎደለ።

ከሁሉ የቅርቡን አብዛኞቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በሰሜኑ ጦርነት የመቐለ፣ የአክሱም፣ የአዲግራትና የራያ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ተቋረጠ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ። በትግራይ ይማሩ የነበሩ የሌሎች ክልሎች ተማሪዎች በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተመደቡ። እዚህ ላይ የቤተ ሙከራው ጉዳት ብቻ አልነበረም ጥያቄው። ስልክም ኢንተርኔትም በተቋረጠበት ከተማ፣ በአንድ ሬጅስትራር ቢሮ ብቻ የተቀመጠ የተማሪ ውጤት ምን ይጠቅማል? ሦስት ዓመት የተማረ ወጣት መማሩን በምን ያስረዳል?

እኛ በከፋ ይህን ጉዳይ የምናውቀው ከዩኒቨርሲቲም በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው የከፋ መንግሥት ሲያበቃ ዘመቻው አገሩን ክፉኛ ጎድቶት ነበር። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር እ.ኤ.አ. በ1905 እዚህ መጥቶ ያየውንና የሰማውን በኋላ በጀርመንኛ በሁለት ቅጽ አሳተመ። ዙፋኑ ወድቆ ሥርዐቱና የነገሥታቱ ታሪክ ሊጻፍ የቻለው በሰዎች ልብ ተቀምጦ ስለ ቆየ ነው። ሆኖም ያን መጽሐፍ ዛሬ ተማሪዎቻችን በማያነቡት ቋንቋ ማግኘታችን ሌላ ትምህርት ነው፤ የራስን ማስታወሻ ለሌላ ትቶ መቀመጥ ያስከፍላል።

ባለንበት ምድር ዝናቡ ብዙ ነው፤ ተዳፋቱም ቁልቁለት ነው፤ ከጅማ የሚያመጣን መንገድም የጎጀብን ሸለቆ አቋርጦ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ብዙዎች በሁለተኛው ተቀበሩ። «እኛ ዘንድ አይደርስም» ለማለት የሚያበቃ ምክንያት የለንም።

ስለዚህ ለዩኒቨርሲቲያችን ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የተማሪዎች ውጤት ሁለተኛ ቅጂ ከዞኑ ውጭ ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ በክፉ ቀን ተማሪ ለመቀባበል ከጅማና ከሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ዛሬ፣ በደኅናው ቀን፣ በጽሑፍ እንስማማ፤ ችግሩ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ልመና እንጂ ስምምነት አይደለም። ሦስተኛ፣ ከከፋ ሽማግሌዎች የምንቀዳው የቃል ታሪክ በአንድ መሳቢያ ውስጥ አይቅር፤ ቅጂው በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይቀመጥ።

ሦስቱም ከአንድ ሕንጻ ዋጋ እጅግ ያነሰ ወጪ የሚጠይቁ ናቸው። የሚጠይቁት ውሳኔ ነው፤ ውሳኔውም ከክረምቱ መግቢያ በፊት ቢሆን ይመረጣል።