ከጓሮ ወደ ሐይቅ፦ የትንንሽ ባለ ሸራ ጀልባዎች ታሪክ

እኛ በናይሮቢ የምንኖር ቤተሰቦች አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን። ስለ ውሃ ከወላጆቻችን የወረስነው ምክር «እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን ነው። ልጆቻችን ግን የሚያድጉት ናይቫሻ በቅርብ፣ የቪክቶሪያ ሐይቅና የሞምባሳ ባሕርም በአንድ ቀን ጉዞ በሚደረስባቸው አገር ነው። ከቤት መኪና ኋላ በተሳቢ ተጭና የምትሄድ ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ሲያዩ የባለጠጋ መጫወቻ ትመስላቸው ይሆናል። ታሪኳ ግን ሌላ ነው፤ በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችንም ልንተርከው ወደድን። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በአውሮፓ ለመዝናኛ የሚሆን ባለ ሸራ ጀልባ የሚሠራው በሙያው ባደገ አናጢ ነበር። ሳንቃው አንድ በአንድ እየተላገ፣ በጎድን አጥንት መሰል እንጨቶች ላይ እየታጠፈ ይያያዛል። ሥራው ብዙ ጊዜ፣ ዋጋውም ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ጦርነቱ ግን ሳይታሰብ አንድ ነገር ትቶ አለፈ። «ሞስኪቶ» የተባለው የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላን በአብዛኛው ከእንጨት የተሠራ ስለነበር፣ የኮምፔንሳቶና እርጥበት የሚቋቋም የማጣበቂያ ሥራ በእጅጉ ተሻሻለ። ከሰላም በኋላ ይኸው ዕውቀት ወደ ጀልባ ተሸጋገረ።

በ1947 በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ክሊርዋተር ከተማ፣ ክላርክ ሚልስ የተባለ ጀልባ ሠሪ ለሕፃናት የምትሆን፣ ከ50 ዶላር ባነሰ ወጪ የምትሠራ ጀልባ ነደፈ። ርዝመቷ 2.3 ሜትር ብቻ የሆነች፣ አፍንጫዋ እንደ ሣጥን የተቆረጠች ጀልባ ናት። «ኦፕቲሚስት» ተባለች፤ ዛሬ ከ100 በሚበልጡ አገሮች ሕፃናት ይማሩባታል። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ጃክ ሆልት ወጣቶች ከኮምፔንሳቶ የሚሠሯትን «ካዴት» አወጣ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1963 ነው። የለንደኑ «ዴይሊ ሚረር» ጋዜጣ በስሙ የምትጠራ የቤተሰብ ጀልባ አስነደፈ። ነዳፊዎቹ ይኸው ጃክ ሆልትና የቤት ውስጥ ጥገናን በቴሌቪዥን ያስተምር የነበረው ባሪ ባክኔል ነበሩ። «ሚረር» ርዝመቷ 3.3 ሜትር፣ የአካሏ ክብደት 45 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ሁለት ሰው ያነሣታል። የሸራዋ ምሰሶ ከሁለት የተከፈለ በመሆኑ እንጨቶቿ በሙሉ በሆዷ ውስጥ ተጋድመው ይጫናሉ። ተቆርጦ የተዘጋጀው ዕቃ በ63 ፓውንድና 11 ሺሊንግ ይሸጥ ነበር። ገዢው ወደ ቤቱ ወስዶ በጓሮው ወይም በመኪና ማቆሚያው ይገጣጥማታል። ቀይ ሸራዋ መታወቂያዋ ሆነ። እስከ ዛሬ ወደ 70,000 የሚጠጉ እንደተሠሩ ይገመታል።

አሠራሯ ቀላል ነው። የኮምፔንሳቶው ጠርዝ በትንንሹ ይበሳል፤ ሁለቱ ጠርዞች በመዳብ ሽቦ ልክ እንደ ልብስ ይሰፋሉ፤ ከዚያም መጋጠሚያው በፋይበር ግላስ ጥብጣብና በማጣበቂያ ይለበጣል። የአናጢነት ሙያ የሌለው አባትና ልጆቹ ሊሠሩት ይችላሉ። በጎኗና በአፍንጫዋ አየር የታመቀባቸው ክፍሎች ስላሉ፣ ብትገለበጥም አትሰጥምም።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ጀልባን መስፋት በዚህ በምንኖርበት የምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ እጅግ የቆየ ጥበብ ነው። ስለ አዱሊስ ወደብና ስለ ንጉሥ ዞስካሌስ የሚተርከው የመጀመሪያው ምዕተ ዓመት የግሪክ የባሕር መምሪያ፣ «ፔሪፕለስ»፣ በስተ ደቡብ ራፕታ የምትባል የገበያ ከተማ እንደነበረችና ስሟም ከተሰፉ ጀልባዎች እንደመጣ ይናገራል። የስዋሂሊ ሕዝብ «ምቴፔ» የተባለውን መርከብ በኮኮናት ገመድ ሰፍቶ፣ የሰሌን ሸራ አልብሶ እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ተጉዞበታል። የቡጋንዳ ሰዎችም የቪክቶሪያ ሐይቅ ጀልባቸውን ሳንቃ ይሰፉ ነበር። የእኛዎቹ የጣና ሰዎች ደግሞ ደንገል አስረው ታንኳ ይሠራሉ። የለንደን ሰው በሽቦ የሠራውን፣ የዚህ አካባቢ ሰው በገመድ ሲሠራው ኖሯል።

ትንሽ ጀልባ ሩቅ አትሄድም የሚል ካለ ፍራንክ ዳይን ያስታውስ። እንግሊዛዊው ዳይ በ1963 ከአንድ ጓደኛው ጋር፣ 4.8 ሜትር ርዝመት ባላት ክፍት «ዌይፋረር» ጀልባ ከስኮትላንድ እስከ አይስላንድ በሸራ ተጉዟል። ይህ ግን የልምድ ባለቤቶች ሥራ ነው። ለእኛ ልጆች መጀመሪያው ዋና መማር፣ ሁለተኛው የመንሳፈፊያ ጃኬት ሳያጠልቁ ጀልባ ላይ አለመውጣት፣ ሦስተኛው ነፋሱን የሚያውቅ ሰው ማስከተል ነው። የአባቶቻችን ምክር የሚከበረው ከውሃ በመሸሽ ሳይሆን ውሃን በማወቅ ነው።

አንድ የሚያሳዝን ታሪክም በዚሁ በከተማችን አለ። በ1950ዎቹ የተሠራው የናይሮቢ ግድብ ለብዙ ዓመታት እንዲህ ያሉ ጀልባዎች ሸራቸውን ዘርግተው የሚወዳደሩበት ውሃ ነበር። ከላይ የሚወርደው ቆሻሻና ደለል፣ በኋላም እንቦጭ ሸፈነውና ጀልባዎቹ ቀሩ። እንቦጭ በ1990ዎቹ የኪሱሙን ወደብ አስጨንቋል፤ በ2011 ገደማም ጣናችን ላይ ታይቷል። ጀልባዋን መጠገን ቀላል ነው፤ የተቀደደ ሸራ ይሰፋል፣ የተሰበረ ኮምፔንሳቶ ይለወጣል። የሞተ ውሃን ማዳን ግን የብዙ ሰውና የብዙ ዘመን ሥራ ነው።

ጀልባን አንድ ቤተሰብ በጓሮው ይሠራል፤ ሐይቅን ግን አንድ ቤተሰብ ብቻውን አይጠብቀውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ በማኅበር መኖራችን የሚጠቅመው ለዚህም ጭምር ነው። በእረፍት ቀናችን ልጆቻችንን ወደ ናይቫሻ ወይም ወደ ኪሱሙ ስንወስድ ጀልባዎቹንም ውሃውንም እናሳያቸው። የጀልባዋን ታሪክ የሚያውቅ ልጅ፣ የምትንሳፈፍበት ውሃ የማን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም።